ዋናው ማነው?

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከስሜና ከሰው ስልክ ቁጥር በቀር እስክሪብቶ ይዤ የጻፍኩት የለም። መናገርም አይሆንልኝም። ሰው ትኩር ብሎ ሲያየኝ ቃሉ ይጠፋኛል። ስለዚህ ማንም ሳያየኝ ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሐረር፣ ከግንቡ ውጪ ባለው ከተማ፣ በየቤቱ እየዞርኩ ልብስ አጥብ ነበር። ከደንበኞቼ አንዷ ክፍል ተከራይታ የምትኖር የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። አንድ ጠዋት ያጠብኩላትን አንሶላ አልጋዋ ላይ ሳስቀምጥ በሩ ተበርግዶ ወንዶች ገቡ። መጽሐፎቿን ጆንያ ውስጥ ከተቱ። አንዱ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ ማነሽ?» አለኝ። «አጣቢ ነኝ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ አልወጣም። የምደብቀው ነገር ያለኝ መሰላቸው። ሁለታችንንም ጭነው ወሰዱን።

ሐኪም ጋራ በሚባለው ሰፈር፣ እናቴ ዘንድ፣ ገና የምትጠባ ሴት ልጅ ትቼ ነበር የወጣሁት።

ያስገቡን ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ቆርቆሮው ይንቋቋል፤ ጥግ ያለው የሽንት ባልዲም ይሸታል። ከላይ ባለችው ትንሽ መስኮት የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። «ፈረስ መጋላ! ፈረስ መጋላ!» እያለ አንዱ ሰው ተሳፋሪ ይጠራል። ሕዝቡ እንደ ወትሮው ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

ክፍሉ ውስጥ አንዲት ትልቅ ሴት አገኘን። ከገጠር ጫት እያመጡ የሚሸጡ ናቸው። የሚፈለገው ልጃቸው ነው፤ እሱ እስኪገኝ እሳቸው ይቀመጡ ተብለዋል። እማማ እንላቸው ነበር።

በማግስቱ ጡቴ እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ቀሚሴ ከፊት ረጠበ። በሻሼ ልሸፍነው ስታገል እማማ አዩኝ።

«እለቢው ልጄ። ካልታለበ ይደርቅብሻል። ምን ያሳፍርሻል? እዚህ ወንድ የለ።»

የተቆረጠ ሃይላንድ አቀበሉኝ። ተማሪዋ ፎጣዋን ዘርግታ ከበሩ ጋረደችኝ፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳ አዞረችልኝ። አልቤ ስጨርስ የማኖርበት ቦታ አልነበረኝም። የልጄን ምግብ ሽንት ላይ ደፋሁት።

ተማሪዋን ለምርመራ ጠሯት። ስትመለስ ከንፈሯ አብጧል።

«ምን አሉሽ?» አሏት እማማ።

«ምን ትማሪያለሽ አለኝ፤ አካውንቲንግ አልኩት። ታዲያ ይሄ ሁሉ የፖለቲካ መጽሐፍ ምንድነው አለኝ። የዓለም ባህል፣ ታሪክና ፖለቲካ ማይነሬ ነው አልኩት። ማይነር ምንድነው ሲለኝ፣ ንዑስ ነው፣ ትንሹ ማለት ነው ብዬ አስረዳሁት።»

«እሺ?»

«‹አንቺ ትንሿ ከሆንሽ ዋናው ማነው?› አለኝ።»

«አቦ! አካውንቲንግ ነው አትዪውም?»

«አልኩት እኮ እማማ! ‹አካውንቲንግ የምትሉት ማንን ነው?› አለኝ።»

እማማ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ ወተቱ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ። ተማሪዋም አብራን ሳቀች፤ ቀድማ ያቆመችው ግን እሷ ናት።

«ዋናውን ሳትናገሪ ከዚህ አትወጪም ብሎኛል» አለች።

ቆይቼ፣ ትምህርቱ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ሰው በየአገሩ እንዴት እንደሚኖር፣ ልጅ ሲወለድ ምን እንደሚደረግ፣ ማን ማንን እንደሚገዛና ለምን እሺ ብሎ እንደሚገዛለት ነው አለችኝ።

«ሌላ ማይነርም ነበር» አለች። «ይሄን ወድጄ ነው የመረጥኩት።»

ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

መርማሪው አልጮኸብኝም። ወንበር ሰጠኝ። ቃሌን ራሱ ጽፎ ጨርሶታል። አነበበልኝ፦ «ዋናው ሰው ወደ ተማሪዋ ቤት ሲመላለስ በዓይኔ አይቻለሁ።» ቀጥሎ እርጥብ ቀሚሴን አየ።

«ልጅ አለሽ አይደል? ፈርሚና አሁኑኑ ሄደሽ አጥቢያት። በባጃጅ እንልክሻለን።»

እስክሪብቶውን ሰጠኝ፤ ተቀበልኩት። ወላሂ፣ ልፈርም ነበር። የልጄ አፍ ጡቴን የያዘ ያህል ተሰማኝ። ስሜን ለመጻፍ ጎንበስ ስል «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚለው ላይ ዓይኔ ቀረ።

«ያላየሁትን አየሁ አልልም» አልኩ። ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። «ዋናው ሰው አይደለም። ዋናው አካውንቲንግ ነው።»

«አካውንቲንግን ታውቂዋለሽ?»

«አላውቀውም። ትምህርት መሆኑን ግን ሰምቻለሁ።»

የቀለድኩበት መስሎት ጠረጴዛውን በጡጫ መታ። እኔ ግን የእስክሪብቶውን ክዳን መልሼ ገጠምኩ፤ ወረቀቱ ላይ አስተካክዬ አስቀመጥኩት። ያን ቀን ማድረግ የቻልኩት ያችን ነው።

ወደ ክፍሉ መለሱኝ። ወተቴ በየቀኑ እያነሰ ሄደ፤ እማማ እየመከሩኝም ባልብ ባልብ ጠብ የሚል ጠፋ። ኋላ ማንም ምንም ሳይለኝ ለቀቁኝ። ልጄ ስታየኝ አለቀሰች፤ ጡቴን ስሰጣት ፊቷን ወደ እናቴ አዞረች።

አሁን በእግሯ ትሄዳለች፤ አልሐምዱሊላህ፣ ጤነኛ ናት። እኔም አሁንም ልብስ አጥባለሁ። በዚያ ቤት በኩል ሳልፍ ክፍሉን ሌላ ሰው እንደተከራየው አያለሁ። ስለ ተማሪዋ የምጠይቀው ሰው የለኝም፤ ቢኖርም መጠየቅ እፈራለሁ። ልክ ሠርተሻል የሚለኝ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ልጄ አጠገቤ ተኝታ ሳያት እኔው ራሴ እርግጠኛ አይደለሁም።

ተማሪዋን የወሰዷት ከመርማሪው ዘንድ በተመለስኩበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ያለኝንና ያልኩትን ሁሉ ነግሬያት ነበር። በሩ ተከፍቶ «ከነዕቃሽ ውጪ» ሲሏት ጫማዋን በእጇ ይዛ ተነሳች። የእማማን ጉልበት ሳመች። እኔ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ብትፈርሚም እኮ አልቀየምሽም ነበር» አለችኝ።