አባ ጨብሳ የፈረሙበት ወረቀት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ለተግባር ልምምድ የምትወጣበትን ውል ስልኳ ላይ አሳየችኝ። በቀን ስምንት ሰዓት ሥራ፣ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት፣ ከአቅም በላይ ሸክም ክልክል። እሷ ሳታነበው ልትፈርም ነበር፤ የእኔ ልብ ግን ጅማ አጠገብ ወዳለችው ሰቃ ሄዶ ቀረ።

ያኔ፣ በወጣትነቴ፣ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። የእርሻ ተማሪ ነኝ ልበል እንጂ ጅማ ከተማ በመንግሥት ሠራተኛ ቤት ያደግሁ፣ ቡናን ከሲኒ በቀር እምብዛም የማላውቅ ልጃገረድ ነበርኩ። በኅዳር፣ ለቀማው በደራበት ወቅት፣ ከሰቃ ወጣ ብሎ ትንሽ የቡና እርሻ ወዳላቸው ሽማግሌ፣ ወደ አባ ጨብሳ ለልምምድ ተላክሁ። የጫነኝ የጭነት መኪና እያንገጫገጨ አምጥቶ አውርዶኝ ሲሄድ፣ ሽማግሌው የተቀቀለ ጎደሬ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረቡልኝ። ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ እሳቸው ሳቁብኝ።

ማንበብ ስለማይችሉ የልምምዱን ውል፣ ስምንት ሰዓቱንም ዕረፍቱንም፣ እኔው አነበብኩላቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፣ አስደገሙኝ፣ ከዚያ አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ፈረሙ።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ለቀማ ጀመርን፤ ምሳ በልተን፣ አሥር ሰዓት ሲሆን አባ ጨብሳ ሁላችንንም አስቆሙን። አብረውኝ የሚለቅሙት ስድስቱ የቀን ሠራተኞች ግራ ገባቸው። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። በጎረቤት እርሻ ግን ለዓይን ያዝ እስኪያደርግ ድረስ ይለቀም ነበር።

በአራተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረ። የበሰለ ቡና ዝናብ ካገኘው ይረግፋል፣ ጭቃ የነካው ደግሞ ዋጋው ይወድቃል። የሽማግሌው የዓመት ኑሮ ዛፍ ላይ ቀልቶ ተንጠልጥሏል። አሥር ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዳቸው ሊያስቆሙን ሲመጡ፣ አላስችል አለኝና በተማርኩት ልጠቅማቸው ብዬ ቀረብኩ።

«አባ፣ ወረቀቱ እኮ ለእኔ ለተማሪዋ ብቻ ነው። እነሱ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ አይመለከታቸውም።»

ከለቃሚዎቹ አንዷ፣ ዘይነባ፣ አጠገባችን ቆማ ትሰማለች፤ ጨቅላዋ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል፣ ቅርጫቷ ሙሉ ነው። አባ ጨብሳ እሷንም እኔንም አዩን።

«ኢንታለ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ስታነቢልኝ ለሰው ሁሉ የተጻፈ መስሎኝ ነው የፈረምኩት። አንቺ ደክመሽ ዘይነባ የማትደክም ከሆነ ንገሪኝ፣ ወላሂ ወደ ሥራዋ እመልሳታለሁ።»

የዘይነባን ቅርጫት አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጉና ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ።

ከመምሸቱ በፊት ዝናቡ ወረደ። በነጋታው ከዛፎቹ ሥር ያለው መሬት ቀይ ነበር። ይቆጡኛል፣ ይቆጫሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው አጠገባችን ቁጢጥ ብለው ከጭቃው ሲለቅሙ ዋሉ። ግማሹ እንኳ ሳይነሳ ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ፤ አሥር ሰዓት ሆኗል። «ቶሌ፣ እሺ፣ ይበቃል» አሉና እጃቸውን በሣር ጠረጉ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ትልልቅ ሰዎች አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን በሰው ፊት ቆሜ ትንሽነት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ዛሬ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ጡረታዬም ተቃርቧል። እርሻ ለእርሻ ስዞር ስለ ለቃሚዎቹ የሥራ ሰዓት እጠይቃለሁ። ባለቤቶቹ በትሕትና ፈገግ ብለው «እነሱ እንኳ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ አይመለከታቸውም» ይሉኛል። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ቀና ብዬ አያቸዋለሁ። የተቆጣሁ ይመስላቸዋል። እኔ ግን የምሰማው የራሴን ድምፅ ነው።