በባዶ ሆድ የተባለው ደም

በማርጊላን ከተማ ዳርቻ ባለው ሰፈሯ ነርስ ሳኖባር በሠላሳ አንድ ዓመት ያልወጋችው ክንድ የለም። በሕፃንነታቸው ያስለቀሰቻቸው ዛሬ ጢማቸውን እያሻሹ «እትዬ» ይሏታል፤ መርፌ ስታወጣ ግን አሁንም በጓሮ በር ይሾልካሉ። በተለይ ወንዶቹ! ሚስቶቻቸውን ይልኩና እነሱ «ሥራ አለብን» ብለው ሻይ ቤት ይጎለታሉ።

ባለፈው መጸው ከአውራጃው ትእዛዝ መጣ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ደሙ ይመርመር፣ ውጤቱን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያንብብ፣ የትኛው ሰፈር ምን እንደሚያመው በካርታ ላይ በቀለም ይታይ ተባለ። ደሙ የሚወሰደው ጠዋት በባዶ ሆድ ነው። አስር ቀን ሰጧት። በዘጠኙ ቀን የያዘችው የገዛ ባሏን ብቻ ሲሆን፣ እሱም መርፌው ሳይነካው ራሱን ስቶ ወደቀባት።

የሰፈሩ ሊቀመንበር ኢርጋሽ መላ ነበረው።

«እትዬ ሳኖባር፣ ምን ያስጨንቅሻል? ነገ ሠርግ አለ። ጎህ ሲቀድ ወንዱ ሁሉ ኦሹን ሊበላ ይመጣል። በሩ ላይ ጠረጴዛሽን ዘርጊ፤ ወዴት ያመልጥሻል?»

«በባዶ ሆድ ይላል እኮ ወረቀቱ!»

«የኛ ሰዎች ሆድ መቼ ሞልቶ ያውቃል?»

ኦሽ በበግ ላት የሚበስል ሩዝ ነው። ሳኖባር ሳይበሉ ልትይዛቸው አስባ ነበር፤ ግን ሽታው የጠራውን ወንድ ማን ያቆመዋል? እየገፏት ገቡ። ሲወጡ፣ ጣታቸው በቅባት እንደራሰ፣ እያገሱ፣ ሁለት መቶ አሥራ አንዱንም ወጋች። ደሙን የምትመዘግብበት ስልኳ ለእያንዳንዱ «በባዶ ሆድ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሷም ለእያንዳንዱ «አዎ» ትጫናለች። መጨረሻ ላይ ወጥ ሠሪው ሆሺም ሽርጡን እንዳገለደመ ከምድጃው በቀጥታ መጥቶ ክንዱን ዘረጋ።

«እኔንም ውጊኝ እንጂ፣ እትዬ። ከሰው አትለዪኝ።»

በሳምንቱ ሰፈሩ በካርታው ላይ ደም መስሎ ቀላ። አስተውሎት የተባለው ማሽን የወንዶቹ ደም በስብና በስኳር እንደተሞላ፣ ምክንያቱም በአስቸኳይ ከውሃው ወይም ከአፈሩ እንዲፈለግ አሳሰበ። ሦስት ባለሙያዎች ጓንት አጥልቀው የመስኖውን ውሃ በጠርሙስ ቀዱ። ያ ሁሉ እውቀት ላለው ማሽን ላት የሚባል ነገር መኖሩን የነገረው አልነበረም። ሻይ ቤቱ ግን ደስታውን አልቻለውም።

«ስኳርህ ስንት ወጣ?»

«ዘጠኝ።»

«ወግድ! እኔ አሥራ አንድ ነኝ!»

በመጨረሻ ኮሚሽን መጣ። በምን እንደተቀበሏቸው መናገር አያስፈልግም፤ ሆሺም ከጎህ በፊት ጀምሮ ምድጃው ስር ነበር። የኮሚሽኑ ሰብሳቢ ጣቱን እየጠረገ ፈረደ፦ ማሽኑ ተሳስቷል፣ የሰፈሩ ውጤት በሙሉ ይሰረዝ። ኢርጋሽ ሊስመው ምንም አልቀረው።

ሳኖባር ዝርዝሩን ይዛ ቀረች። የሆሺም ቁጥር እንደ ሌሎቹ ከፍ ያለ ነው። ወጥ ሠሪ ግን እንግዳው በልቶ ሳያበቃ አይቀምስም፤ የዚህ አገር ደንብ ነው። ያን ጠዋት ከተጫነችው «አዎ» ሁሉ እውነቱ አንዱ ብቻ ነበር። ቀበቶው ሁለት ቀዳዳ መግባቱን፣ የሻይ ጀበናውን ብቻውን መጨረሱን አሁን አስታወሰች፤ የስኳር በሽታ ነው። ዝም ካለች የእሱም ውጤት ከሌሎቹ ጋር ይጠፋል። ከተናገረች ደግሞ ጡረታዋ አንድ ዓመት ሲቀረው ነጭ ጋወኗን ያስወልቋታል። ፈራች፣ በጣም ፈራች።

«ማሽኑ አልተሳሳተም» አለች ሰብሳቢውን። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። በልተው ነበር።»

ኢርጋሽን ሩዙ አነቀው። «እትዬ፣ ፀሐይ መቶሻል መሰለኝ...»

«ይህን ከጻፍሽ» አላት ሰብሳቢው፣ «ከእንግዲህ መርፌ አትይዢም። ደግሞ ለማን ብለሽ?»

«ለአንድ ሰው። የእሱ አይሰረዝ፣ ነገ ሆስፒታል ይግባ።»

ጽፋ ፈረመች። ሰብሳቢው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ሌላ ሳህን አዘዘ።

ሆሺም ግቢው ውስጥ ድስቱን ያጥባል።

«ምን አሉ? ሁለት መቶ አሥራ ሁለታችንንም ሊቀብሩን ነው?»

«ሆሺም፣ ያን ቀን ቀምሰህ ነበር?»

«ምን ነካሽ! ከእንግዳ በፊት?»

«እነሱ በልተው ነው የወጋኋቸው። እነሱ ምንም አልሆኑም።»

ሳቀ፤ እሷም እስክትስቅ ጠበቃት። አልሳቀችም። እጁ ከነአረፋው ቆመ።

«ሁላችንም ነን የታመምነው ተብሎ ነበር እኮ» አላት።