ከነፋስ የሸሸችው መኪና

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ፍሎሪዳ፣ ባሕሩ አጠገብ ነው። ባለፈው መስከረም ሀሪኬን የሚባለው ከባሕር የሚነሣ ኃይለኛ ነፋስ ወደ እነሱ እየመጣ ነው ሲባል ኮል አደረገችልኝ።

«ልመጣ ነው» አለች።

«የት?»

«እናንተ ጋ ነዋ። ኦሃዮ ባሕር አለው?»

«የለውም።»

«በቃ፣ ተነሥቻለሁ።»

የቀድሞ መኪናዋን ጎርፍ አበላሽቶባት ገና አዲስ መግዛቷ ነበር። ይቺኛዋን ውሃ እንዳይነካት ብላ መንገድ ላይ አድራ እኛ እስካለንበት ዌስተርቪል ድረስ ብቻዋን ነዳች። ደርሳ ሰላም ካለችን በኋላ ግቢያችን ውስጥ ያለውን ትልቅ የሜፕል ዛፍ ቀና ብላ አየችው።

«ይሄ ዛፍ ጤነኛ ነው?»

«ዛፍ ነው» አልኳት። ከዚያ በላይ አስቤበት አላውቅም።

በማግስቱ ሀሪኬኑ የብስ ላይ ወጥቶ መድከሙን፣ የተረፈው ነፋስ ግን ወደ እኛ እያቀና መሆኑን ቴሌቪዥኑ ተናገረ። ባለቤቴ «ዝናብ ቢሆን ነው» አለች። እህቴ ተነሥታ የመታጠቢያ ገንዳውን ውሃ መሙላት ጀመረች።

«እትዬ፣ ምን ልታደርጊበት ነው?» አለቻት ባለቤቴ።

«መብራት ሲጠፋ ውሃም ሊከተል ይችላል። ያኔ ሽንት ቤቱ ላይ ምን ልትደፊበት ነው?»

እህቴ ፕላስቲክ ጠርሙሶች ውሃ ሞልታ ፍሪዘር ውስጥ ደረደረች፤ መብራት ቢጠፋ ምግቡን በረዶው ያቆየዋል። የግቢውን ወንበሮች እንድናስገባ አደረገች፣ ስልኮቻችንን ሁሉ ቻርጅ አስደረገችን። ጋራዣችን የሚይዘው አንድ መኪና ስለሆነ የእሷን ላስገባላት ብል እምቢ አለች።

«የጋራዡ በር የሚከፈተው በመብራት ነው። መሸሽ ቢያስፈልግ ልታሰር ነው?»

በእጅም እንደሚከፈት ነገርኳት፤ አላመነችኝም። ስለዚህ የእኔ አሮጌ መኪና ጋራዥ ገባ፤ የእሷ አዲሷ፣ ቤንዚን እንደ ተሞላች፣ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አዙራ ሜፕሉ ሥር ቆመች። ልብሷንና የደም ግፊት መድኃኒቷን የያዘው ቦርሳም ለመሸሽ እንዲመች መኪናው ውስጥ ተቀመጠ።

ነፋሱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠብታ ዝናብ አልነበረም፤ ፀሐይ ወጥታ ነበር። የሆነ ቤት ቆሻሻ መጣያ በርሜል በመንገዱ መሀል ብቻውን ሲሄድ በመስኮት እያየሁ ሳለ እህቴ ከመስኮቱ አስነሥታ ሁላችንንም ከቤቱ ሥር ያለው ቤዝመንት አስገባችን። መብራቱ ጠፋ። ቀጥሎ ቤቱን ያንቀጠቀጠ ድምፅ ሰማን። ጋብ ሲል ወጥቼ በበሩ መስታወት አየሁ።

«የእኔ ናት?» አለች ከደረጃው ሥር።

«ያንቺ ናት።»

«የአንተስ?»

«ጋራዥ ውስጥ ነው።»

«ደህና» አለች።

ሜፕሉ ከወገቡ ተሰብሮ በመኪናዋ ጣሪያ ላይ ተኝቷል። ሲወድቅ የመብራቱን ሽቦ በጥሶ ስለነበር ሽቦው በቅርንጫፎቹ መሀል ተንጠልጥሎ መሬት ይነካል።

ጎረቤታችን ከወሎ የመጣ፣ ዌርሃውስ በሚሉት መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ገና ሳንጠራው መጋዝ ይዞ መጣ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ «ወንድሜ፣ እዚያው ቁም» አለችው።

«እትዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ እኮ መብራት የለውም። ሽቦው ሞቷል።»

«መሞቱን ማን ነገረህ?»

«ማንም» አለና መጋዙን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ለመብራት ኃይሎቹ ደወልን፤ ብዙ ቦታ ስለተበላሸ ጠብቁ አሉን። እህቴ ካስገባናቸው ወንበሮች አንዱን አስወጥታ ከሽቦው ርቃ፣ ሣሩ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋ በተሰበረው መስኮት በኩል ይታያታል። ብስክሌት የሚነዱ ልጆች ሲጠጉ በአማርኛ ትመልሳቸዋለች፤ እነሱም በእንግሊዝኛ እሺ ብለው ይዞራሉ። ጎረቤታችን ወንበር አምጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እዚያ ሰፈራችን አንድ ሰው ነበር» አለችው። «የበፊቱ ሀሪኬን ምንም አላደረገውም። በማግስቱ ግቢውን ሊያጸዳ ወጥቶ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሽቦ ረገጠ። ሣር ማጨጃ እንኳ ያውሰን ነበር።»

ጎረቤታችን «አላህ ይማረው» አለ። ከዚያ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሳበ።

የእህቴ መድኃኒት መኪናው ውስጥ ስለቀረ እኔና ባለቤቴ ስልኳን ይዘን መብራት ያልጠፋበት ሰፈር ፋርማሲ ፈልገን ሄድን። ፋርማሲስቱ የፍሎሪዳውን ፋርማሲ ደውሎ ማግኘት አልቻለም፤ ያም ቢሆን እህቴ ድሮ ያነሣችውን የባዶ መድኃኒት ዕቃዋን ፎቶ ስልኳ ላይ አይቶ ለጊዜው የሚበቃ ሰጠን።

የመብራት ኃይል ሠራተኞቹ የመጡት በማግስቱ ነው። አንደኛው ሽቦውን ለካ፣ ስልክ ደወለ፣ ቆይቶ ቆረጠው። ጎረቤታችን «መብራት ነበረው እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው አዎ አለና ዕቃውን ይሰበስብ ጀመር። ጎረቤታችን ቤቱ ገብቶ እስከ ምሽት አልወጣም።

ያን ቀን ለእህቴ ከፍሎሪዳ ፎቶ ተላከላት። ቤቷ እንዳለ ነው። በሩ ላይ ያለው አበባ እንኳ አልወደቀም። ፎቶውን አሰፋችው፣ አሳነሰችው፣ ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ኢንሹራንሷ ጋ ስትደውል ስፒከር ላይ ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ሴትየዋ መኪናው የፍሎሪዳ፣ ነፋሱ የሀሪኬን፣ ቦታው ኦሃዮ መሆኑን ደግማ ጠየቀች። «አንድ ጊዜ» ብላም ሙዚቃ አሰማችን።

በመጨረሻ መኪናዋ አትጠገንም ተባለ። እህቴ እኛ ጋ ከርማ በአውሮፕላን ተመለሰች። ኤርፖርት ሳደርሳት የፍተሻው ወረፋ ላይ አብሬያት ቆምኩ።

«ለመኪናዋ ብዬ የመጣሁ መስሎህ ነው አይደል?» አለች።

«አይደለም እንዴ?»

«እሱ ከሞተ ወዲህ ነፋሱን ብቻዬን መስማት አልወድም።» እሱ ያለችው ባሏን ነው። «ድሮ ሲነፍስ እሱ ያንኮራፋ ነበር። እኔ እየተናደድኩ ይነጋ ነበር።»

በየጊዜው እንድትመጣ ነገርኳት። ወረፋው ተንቀሳቀሰ፤ ፈታሾቹ ጫማዋን እንድታወልቅ ነገሯትና ጎንበስ አለች።