በጭቃ የተነከረችው ቀሚስ

ጎረቤቴ ዛሬም በሳሙና አታምንም፤ ነጠላዋን በእንዶድ ነው የምታጥበው። ሽታው በአጥሩ ሾልኮ ሲመጣ ለሌላው ሰው ንጽሕና ንጽሕና ይሸተው ይሆናል፤ እኔ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ፣ ጸጉሬ ነጥቶ፣ መጀመሪያ የማደርገው ቀና ብሎ ሰማዩን ማየት ነው። የሰፈሩ ልጆች ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

በጥልያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ ቤታችን ከመርጡለ ማርያም ወዲህ፣ ገደል አፋፍ ላይ ካለች አንዲት የማርያም ደብር አጠገብ ነበር። አባቴ ገበሬ ነው፤ ግን በልጅነቱ ዲማ ለቅኔ ትምህርት ተልኮ ከመምህሩ ጋር ተከራክሮ የወጣ ነው እየተባለ ይታማ ነበር። ሙግት ከምግብ ይበልጥበታል። በረዶ አዝመራ ሲመታና የደብሩ አለቃ የኃጢአታችን ዋጋ ነው ሲሉ፣ አባቴ የተመታውን የአለቃን ማሳ በጣቱ እያሳየ ጺሙን ይዞ ይስቃል። እናቴ ታማትባለች፤ እኔም እሷን አይቼ እፈራለሁ፤ ያም ሆኖ ሳቁን እወደው ነበር።

ያን ሰሞን አውሮፕላን መመላለስ ጀመረ። ገና ሳናየው ድምፁ ይደርሰናል፤ ዶሮዎቹ እንኳ ዝም ይላሉ። ጥልያን ሰው ተሰብስቦ ካየ ቦምብ እንደሚጥልበት ከገበያ የተመለሱ ሰዎች ነገሩን። አለቃ ግን ለማርያም በዓል ሕዝቡ ሁሉ ንጹሕ ለብሶ ደጇ እንዲሰበሰብ፣ ታቦቷ ካለችበት ቦምብ እንደማይወርድ አስለፈፉ። መንደሩ እንዶድ ሲወቅጥ ዋለ፤ አጥሩ ሁሉ ነጭ በነጭ ሆነ።

አባቴ ይህን አይቶ አበደ። ነጭ ለብሶ ሜዳ ላይ መቆም እዚህ ነን ብሎ አውሮፕላኑን መጥራት ነው እያለ፣ የእኔን ቀሚስ ከአጥሩ መንጭቆ ወንዝ ዳር ጥቁር ጭቃ ውስጥ ነከራት። የእናቴን ነጠላ ሲያነሳ ግን ቀማችው።

«ኧረ አንተ ሰው እግዜርን ፍራ። አድፌ እመቤቴ ፊት ልቁም?» አለችው እያለቀሰች።

በማግስቱ እኔን በዚያች ቀሚስ ቤተ ክርስቲያን መውሰድ ነውር ሆነባትና ለአባቴ ትታኝ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ብቻዋን ሄደች። ተቆጥታ ስለነበር ዞራም አላየችኝ።

እኛ ገደሉ ሥር ካለች ዋሻ ገባን። የአውሮፕላኑ ድምፅ መጣ። አባቴ ጆሮዬን በመዳፎቹ ደፈነልኝ፤ መሬቱ ግን ከሥሬ ተናወጠ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ አባቴም ይንቀጠቀጥ ነበርና የሚያስጥለኝ ሰው እንደሌለ ያኔ ገባኝ።

እናቴን ቦምብ ካፈረሰው የደብሩ ቅጥር ግንብ ሥር ሞታ አገኘናት። አለቃ ተርፈው ነበር። እሳቸው እንዳሉት ያ ሁሉ ሰው ያለቀው ነጭ ለብሶ ስለተሰበሰበ አይደለም፤ በበዓሏ ዋዜማ ልብስ በጭቃ የነከረ ደፋር በመካከላችን ስላለ ነው። መንደሩም አመናቸው። አባቴ ንስሐ ገብቶ የፈረሰውን ግንብ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ካልሠራ፣ ሚስቱ ፍትሐት እንደማይደረግላት፣ ቅጥር ውስጥም እንደማትቀበር ተነገረው። አባቴ አፉን ከፈተ። አሁን ልክ ልካቸውን ይነግራቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። የተገነዘችውን እናቴን አየና አፉን መልሶ ዘጋ።

ክረምት እስኪገባ ድንጋይ አመላለሰ። አንድ ቀን ሸክሙን አውርዶ ደጁን ሲሳለም አየሁትና፣ «አባባ፣ እውነት የኛ ጭቃ ነው የገደላት?» አልኩት።

ግራ ቀኙን ተመለከተ።

«ዝም በይ» አለኝ፤ «እናትሽ እኮ እቅጥሩ ውስጥ ናት።»

እኔም እስከ ዛሬ ያንን ደጅ እሳለማለሁ። አምኜ ይሁን ፈርቼ አላውቅም፤ የሚሞግተኝ አባት ግን የለኝም።