ዘገዬን ስለ ዓሣ የጠየቁበት ሳምንት

የዘገዬ እህት ማክሰኞ አረፈች። ረቡዕ ጠዋት አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ካለው ሐበሻ ሁሉ ያልሰማው ዘገዬ ብቻ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግማ ከአሌክሳንድሪያም ቀድሞ ሰምቷል፤ እዚያ ሠፈር ወሬ አድሮ ደርሶ አያውቅም።

የዘገዬ ሚስት ታደለች ኮል ስታደርግለት የባሏ ጓደኛ ፍሰሐ ኤርፖርት የታክሲ ተራ እየጠበቀ ነበር። አላለቀሰችም፤ ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። እትዬ ዕንቁ ማረፋቸውን ነገረችውና በዚያው ትንፋሽ ሥራ ወደ ማከፋፈሉ ገባች። የዘገዬ ታናሽ ወንድም ባርናባስ ከዴንቨር የሚገባው ቅዳሜ ማለዳ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም ከሥራ የሚያርፉት ያን ቀን ነው፤ ስለዚህ መርዶው ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ስልኩን እሷ ትጠብቃለች፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው አፉን ይጠብቃል፣ ፍሰሐ ደግሞ ዘገዬን ይጠብቃል። የመርዶ ደንቡ ሳይነጋ ነበር፤ ግን ቅዳሜ ሳይነጋ ዘገዬ ዓሣ ሊያጠምድ ሐይቅ ዳር መሆኑን የማያውቅ የለም። ከለከሉት ማለት ነገሩት ማለት ነው። እንግዲህ ፍሰሐ እንደ ወትሮው አብሮት ሄዶ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ይዞት እንዲመጣ ተወሰነ።

«አደራ» አለችው። «ከመንገድ እንዳይሰማ። በስልክ የሰማ ሰው ምን እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ።»

ፍሰሐ ያውቃል። የገዛ አባቱን ሞት የሰማው ተሳፋሪ ጭኖ ሀይዌይ ላይ እየነዳ ነው። አንድ ዘመድ፣ የተነገረው መስሎት፣ ደውሎ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው። መኪናውን ዳር አቆመና ፖሊስ መስኮቱን እስኪያንኳኳ ድረስ መሪውን ጨብጦ ቀረ። ተሳፋሪውን ከነሻንጣው ረስቶታል። ያ ነገር በዘገዬ ላይ እንዲደርስ አይፈልግም።

ዘገዬ ሳሪስ ተወልዶ ያደገ፣ ሃምሳን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ንግግሩም እንደ ሰውነቱ የቀጠነ ሰው ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ አራት ዓመቱ ነበር፣ ዕንቁ አሥራ አምስት። ትምህርቷን ትታ ክር ፋብሪካ ገባች፤ እሱን በእጇ ይዛ፣ ባርናባስን አዝላ። ሊያገባት የመጣውን ሁሉ «ልጆች አሉኝ» እያለች መለሰች። ልጆቿ እነሱ ነበሩ። አሜሪካ ከመጣበት ቀን ጀምሮ ሥራው ክሪስታል ሲቲ፣ ከመሬት በታች ሦስተኛው ፎቅ፣ የመኪና ማቆሚያ ካሸርነት ነው። ቀልደኞች ሰው አሜሪካ መጥቶ ወደ ላይ ሲወጣ ዘገዬ ወደ ታች ወረደ ይሉታል። ፀሐይን የሚያገኛት በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ለዚያች አንድ ቀን ነው እንግዲህ ሐይቅ ዳር መሄድ የጀመረው።

ዘንጉን ያገኘው አናንዴል አንድ ግቢ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ ነው። ወንበር ገዛ፤ ጫፏ የተሰበረ የዓሣ ዘንግ መረቁለት። ብዙም ሳይቆይ የዕንቁ ኩላሊት ሥራ አቆመ። በሳምንት ሦስት ጊዜ እጥበት ያስፈልጋት ጀመር፤ ከዘገዬ ደመወዝ ከቤት ኪራይ የተረፈው ሁሉ ወደዚያ ሄደ። ስለዚህ ዓሣው ያለ ሳንቲም የሚያዝ መሆን ነበረበት።

ጀልባ የሌለው ሰው የሚቆምበት የሐይቅ ዳር ሁሉ ሰው የረገጠው ነው። እዚያ ያለው ባስ የሚባል ዓሣ ያላየው ማታለያ የለም፤ እንደ ሠፈራችን ሴቶች ሁሉንም አውቆ ይጠብቅሃል። ለእንዲህ ያለው ዓሣ ፈረንጆቹ ፊነስ የሚሉት ዘዴ አላቸው። ክሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ጫፉ ላይ ባቄላ የማታህል የእርሳስ ብረት፣ ከእሷ ስንዝር ከፍ ብሎ ትንሽ መንጠቆ፣ መንጠቆው ላይ የላስቲክ ትል። ወርውሮ መጎተት የለም። አስቀምጠህ የዘንጉን ጫፍ ብቻ፣ ብርድ እንደያዘው ሰው፣ ታንቀጠቅጣለህ። ሲነካም መንጭቀህ አትስብም፤ ክሩ ይበጠሳል።

ይህን ሁሉ የተማረው ላይብረሪ ውስጥ ነው። ኮምፒውተሩ የሚፈቀደው ለአንድ ሰዓት ነው፤ ዘገዬ ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ የለውም። ሦስት ወር ሙሉ ቪዲዮውን ያለ ድምፅ፣ የአጥማጆቹን ጣት እያየ አጠና። አንድ ቀን ባዶ እጁን ሲያንቀጠቅጥ ያየች ሴትዮ ዕቃዋን ሰብስባ ወንበር ቀየረች። በብርዱ ወራት ውሃው ሲጎድል ሥራሥር ላይ ተጠላልፎ የቀረ መንጠቆ ለቀመ። ጎማ ቤት ደጃፍ ከወደቀ እርሳስ ክብደት ቀጠቀጠ። የተቆረጠ ትል በላይተር እያቀለጠ ቀጠለ፤ አንድ ትል እሱ እጅ ላይ ሦስት ነፍስ አለው። የተሰበረውን ጫፍ በክር ጠምጥሞ በታደለች የጥፍር ቀለም ለበጠው፤ ቀይ ነው።

የመጀመሪያውን ባስ የያዘው በአምስተኛው ወር ነው። አየውና መለሰው። ከዚያ በኋላም የያዘውን ሁሉ ይመልሳል፤ ለምን ሲሉት «ነገ ማን ያስተምረኛል?» ይላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህ አልተዋጠም። ዘገዬ ዓሣውን ውሃ ውስጥ አጥምቆ ይሸኘዋል ተባለ፤ የቀልዱ አባት ሽማግሌው አቶ ገብረሥላሴ ናቸው። የሚበላ ነገር መልሶ የሚጥል ሰው ጤና የለውም ብለው ሊጸልዩለትም ጥቂት ነው የቀራቸው። ከፍሰሐ በቀር አብሮት የሄደ፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስለ ዓሣው ከልቡ የጠየቀው ሰው የለም።

በዚያ ሳምንት ግን ጠየቁት።

ረቡዕ ከሥራ መልስ ጸሎት ላይ አቶ ገብረሥላሴ አጠገቡ ተቀምጠው፣ ትሉ መንጠቆው ላይ የሚሰካው ከራሱ ነው ወይስ ከጅራቱ ብለው ጠየቁት። አንዲት እህት ስለ ክሩ ቀለም ጠየቀችው። አንድ ወንድም፣ ሰላምታ እንኳ ቆጥቦ የሚሰጥ፣ እኔም ልማር ነው አለው። ዘገዬ ለሁሉም በዝግታ አስረዳ። ፍሰሐ ከኋላ ቆሞ እያየ፣ ሰውዬው ዛሬ ገና ቀን ወጣለት ብሎ አሰበ።

ሐሙስ የባሰው መጣ። ዘገዬ ፍሰሐን ክሪስታል ሲቲ ጠብቆት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገላው ሱቅ ውሰደኝና ለዕንቁ እንላክ አለው። የወር ወጉ ነው፤ ገላው እጅ ላይ ቆጥሮ ይሰጣል፣ በማግስቱ ሳሪስ ይደርሳል። ፍሰሐ ለሞተች ሴት የእጥበት ገንዘብ ሲላክ ቆሞ ማየት አልሆንልህ አለው። ገላው ሱቁን ቀለም እያስቀባ ነው፣ እስከ ሰኞ ዝግ ነው አለ። ገላው ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ ግድግዳው ብሩሽ አይቶ አያውቅም። ዘገዬ «እሺ፣ ሰኞ ይሁን» አለና ሌላ ወሬ አነሳ። ፍሰሐ ጉዱን ያለፈ መስሎት ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐይቅ ዳር ደረሱ። ጭጋግ ነበር። ዘገዬ ለፍሰሐም ሌላ ዘንግ ላይ መንጠቆ አስሮ ሰጠው፤ ጎን ለጎን ቆሙ። ፀሐይ ስትወጣ ዘገዬ አንድ ክንድ የማይሞላ ባስ ያዘ፤ ፈትቶ፣ ውሃው ውስጥ ሆዱን ደግፎ፣ ራሱ እስኪሄድ ጠበቀው። ፍሰሐ ሰዓቱን አየ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አየ።

«በስንት ሰዓት አድርሰው አሉህ?» አለ ዘገዬ፣ ዓይኑን ከክሩ ሳያነሳ።

ፍሰሐ የያዘውን ዘንግ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ዕንቁ መቼ ነው ያረፈችው?» አለው ዘገዬ ቀጥሎ።

«ማክሰኞ» አለ ፍሰሐ። ከአፉ ሲወጣ ራሱም ደነገጠ።

ዘገዬ ራሱን ነቀነቀ። ክሩን ቀስ ብሎ መጠቅለል ጀመረ። ከረቡዕ ጀምሮ እንደጠረጠረ ነገረው። አቶ ገብረሥላሴ ስለ ትል ሲጠይቁት ጊዜ፣ ቤቱ ገብቶ መታጠቢያ ቤቱን ቆልፎ፣ ቧንቧውን ከፍቶ ተቀምጧል። የሞተው ማን እንደሆነ ለማወቅም አልተቸገረም፤ ታደለች አጠገቡ አለች፣ ባርናባስ ትናንት ደውሏል። የቀረችው አንዲት ናት።

«ካወቅህ ለምን ገንዘብ እንላክ አልከኝ?» አለ ፍሰሐ።

«አላወቅሁም፤ ጠረጠርኩ ነው ያልኩህ። አንተ ነህ እውነት የምትነግረኝ አልኩ። እሺ ብለህ ከወሰድከኝ፣ ተሳስቻለሁ፣ አለች ማለት ነው።» መንጠቆውን ዘንጉ ላይ አሰረ። «አንተ ደግሞ ገላው ቀለም እያስቀባ ነው አልከኝ።»

ፍሰሐ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ከመንገድ እንዳይሰማ ብሎ፣ የገዛ አፉን ዘግቶ ይዞ፣ ያቺን የቀረችውን ትንሽ ተስፋ የቀበራት እሱ ራሱ ነው። ይቅርታ ሊል ፈለገ፤ ለምን ይቅርታ እንደሚል አጣው።

«ተነስ» አለው ዘገዬ። «ማወቄን ለማንም አትንገር። ሽማግሌዎቹ ቀናቸውን ትተው መጥተዋል። ባርናባስም በአየር ሳይመጣ አይቀርም። ታደለች አራት ቀን እንቅልፍ አልተኛችም፤ ሌሊት ሌሊት ስትዞር እሰማታለሁ። ይህን ሁሉ ለፍተው፣ ከዓሣ ጥያቄ አወቅሁት ልበላቸው? ይንገሩኝ።»

ውሃ ዳር ተንበርክኮ እጁን ከክንዱ ጀምሮ ታጠበ። ሰው ሁሉ ያቅፈኛል፣ ዓሣ ዓሣ አልሽተት አለ።

 አፓርታማው ጋር ሲደርሱ የሚያውቋቸው መኪኖች ሕንፃው ዙሪያ፣ ጎረቤት እንዳያውቅ ይመስል፣ ተበታትነው ቆመዋል። ዘገዬ አንድ በአንድ አያቸው። ደረጃው ላይ ሸሚዙን አስተካከለና ፍሰሐን ከኋላው እንዲሆን በእጁ ጠቆመው። ፍሰሐ የፈራው ሰውዬው ማስመሰል እንዳያቅተው ነው። ዘገዬ ውሸት የሚባል ነገር ፊቱ ላይ አይቆምለትም።

በሩ ተከፈተ። ሳሎኑ ሞልቷል፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ነጠላ አዘቅዝቀው። ባርናባስ ጥግ ላይ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል። አቶ ገብረሥላሴ ከመቀመጫቸው ተነሱ። 

«ዘገዬ፣ ልጄ» አሉ፣ «እህትህ...»

ከዚያ አላለፉም። ዘገዬ ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ፍሰሐ በብብቱ ሥር ገብቶ ያዘው። ያ ቀጭን ሰው እንዲህ ይከብዳል ብሎ አልጠረጠረም፤ አብረው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። የወጣው ድምፅ የሃምሳ ዓመት ሰው ድምፅ አልነበረም። ሴቶቹ ሲሰሙት ያስተካከሉት ለቅሶ ተበላሸባቸው።

ታደለች መጥታ ከወዲያኛው ወገን አቀፈችው። በባሏ ትከሻ ላይ አሻግራ ፍሰሐን አየችው። ዓይኗ እንባ ሞልቶ፣ በከንፈሯ ብቻ፣ «ተባረክ፤ ሳይሰማ አደረስክልን» አለችው።

ፍሰሐ ዘገዬን አጥብቆ ይዞ አንገቱን ደፋ።