ጠበል የተረጨ ጎማ

ከደብረ ታቦር ወጥተን የወረታን ቁልቁለት ስንጀምር ከተቀመጥኩበት ሥር «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የምሳ ዕቃው ክዳን መስሎኝ በእጄ ጫን አድርጌ ያዝኩት። ድምፁ ግን አላቆመም። ልጄ ነዳጅ ሲረግጥ ይፈጥናል፣ ፍሬን ሲይዝ ይዘገያል። ድምፁ ከጎማው ነበር፤ ጎማው ላይ ምን እንደተሠራ ደግሞ አሳምሬ አውቃለሁ።

ልጄ ባጃጁን ሸጦ ስፖርት መኪና የገዛ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ደስታው ምኑ ላይ እንደሆነ እስካሁን እየፈለግኩት ነው። ሁለት በር ብቻ ያለው፣ ሆዱ መሬት የሚልስ ነገር ነው። ኋላ ለመግባት የፊተኛው ወንበር ይታጠፍና እንደ እህል ጆንያ ይገፉሻል። ከገባሽ ደግሞ ሌላ ሰው ካላወጣሽ አትወጪም።

ይባስ ብሎ ባሕር ዳር አካባቢ መኪና ያላቸው ልጆች በታጠረ ሜዳ ዙሪያ እየዞሩ ይሽቀዳደማሉ፣ እኔም እገባለሁ አለ። የትም ላይደርሱ ነው የሚሽቀዳደሙት፤ የቀደመውም የተቀደመውም እዚያው ከተነሳበት ነው የሚቆመው። ለዚህ ቁም ነገር የመኪናው ብሎን አይሆንም ተባለ።

«እማዬ፣ የዚህ መኪና ብሎን እየተፈታ የሚወጣ ነው» አለኝ። «ጎማ ስትቀይሪ ጎማውን በአንድ እጅ ደግፈሽ፣ በሌላው ቀዳዳ ስትፈልጊ ትውያለሽ። ተወዳዳሪዎቹ ግን በብሎኑ ፈንታ ቀጥ ብሎ የሚቀር ዘንግ ይተክላሉ። ጎማውን እሱ ላይ መስቀል፣ ከላይ ዳዶውን ማጥበቅ፣ አለቀ!»

«እንደ ጋቢ መስቀያ?»

«በቃ፣ ልክ እንደሱ!»

ከልጅነቱ ጀምሮ ጋቢህን ስቀል እያልኩ ከመሬት ስለቅምለት ኖሬ፣ ጎማ ለመስቀል ተነሳ።

ጋራዥ ተወስዶ ዘንጉ ተተከለ፣ ዳዶው ገባ። ምሳውን ላደርስለት ሄጄ ስለነበር የጋራዡን ሰው በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። «አዲስ ነገር ቦታውን እስኪይዝ ይላላል። ትንሽ ነድተህ ተመለስ፣ ደግሜ አጠብቀዋለሁ» አለው። ልጄም «አውቃለሁ» አለ። እሱ የማያውቀው ነገር የለም፤ ስልኩ ላይ ሁሉንም አይቶታል።

ግን መኪናው ቤት ሲደርስ እትዬ ጠበቁት። እትዬ የአባቱ ታላቅ እህት ናቸው፤ በእኛ ቤት የመጨረሻውን ቃል እሳቸው ይናገራሉ፣ የመጀመሪያውንም እንደዚያው። የነፍስ አባታችንን አስጠርተው መኪናውን ጠበል አስረጩት፣ በተለይ ጎማ ጎማውን። በማግስቱ ልጄ ወደ ጋራዥ ሊመለስ ሲል በሩ ላይ ቆሙ።

«ጠበል ያረፈበትን በዘይት እጅ ልታስነካው? ሰንበት ሳይውልለት?»

«እትዬ፣ ዳዶ ለማጥበቅ ነው እኮ!»

«ተጠምቀህ ስትወጣ ገላህን በሳሙና ትፈትጋለህ?»

ልጄ በጉና ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ከጭነት መኪና ጋር ይጋፋል፤ የእትዬን እርግማን ግን ይፈራል። ተወው።

እንግዲህ በዚያ ጎማ ላይ ነበርን። እትዬ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ልናደርሳቸው፣ ከዚያ እሱ ወደ እሽቅድምድሙ ሊሄድ። እትዬ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ገደሉ በጎን።

«አንተ፣ ጎማው ይጮሃል!» አልኩ።

«የስፖርት መኪና ድምፅ አለው፣ እማዬ። ስላልለመድሽው ነው።»

«አንቺ ሴትዮ» አሉ እትዬ ሳይዞሩ፣ «ጠበል የተረጨ ነገር ነው። እምነትሽ እንዲህ የላላ ነው?»

«እምነቴ ደኅና ነው እትዬ፤ የላላው ዳዶው ነው።»

የመኪናው ወገብ እንደተጫነች አህያ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረ። ቁም አልኩት፤ አልሰማም። አለቀስኩ፤ ዘፈኑን ቀነሰልኝ እንጂ አልቆመም። ሦስታችንም ገደል ገብተን ሲታየኝ ምን እንደሚያስቆመው ድንገት መጣልኝ።

«ሊያስመልሰኝ ነው! ወንበሩ ላይ!»

ቀጥ አለ። ለእናቱ ነፍስ ያልቆመ መኪና ለወንበሩ ልብስ ቆመ።

ጎትቶ አወጣኝና ወደ ጎማው ዞርን። አንዱ ዳዶ የለም። የቀሩት በጣት ይዞራሉ። የልጄ ፊት አመድ መሰለ።

«ቁልፍ አምጣና አጥብቀዋ!»

«ቤት አስቀርቼዋለሁ።»

«ለምን?»

«ለውድድሩ… መኪናው እንዲቀለኝ።»

እኔንና እትዬን ጭኖ የጎማ ቁልፍ ከበደው!

«በጣቴ አጥብቄ ቀስ እያልን እንውረድ» ሲለኝ ከመኪናው ፊት አስፋልቱ ላይ ዘርፈጥ አልኩ። «ከነዳህ በእኔ ላይ ነድተህ እለፍ!» እትዬ ከውስጥ መቁጠሪያቸውን ይዘው ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ አንድ የአይሱዙ ሹፌር ቆመ። ከጎማው የወጣውን ዘንግ አይቶ «ይሄ መኪና ነው ጃርት?» ብሎ ሳቀ፤ የእሱ ቁልፍ ለዚያ ዳዶ አልሆነም። ልጄን ጭኖት እታች ካለው ጎሚስታ ዘንድ አደረሰው። ልጄ የሚሆን ቁልፍና በጎደለው ፈንታ ሌላ ዳዶ ይዞ በሌላ መኪና ተመለሰ።

እትዬ ቁልፉን ሲያዩ «ብረት ልታስነካው ነው?» አሉ።

«ፊትዎን ወደዚያ ያዙሩ፣ እትዬ» አልኩ።

ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ገደሉ ዞሩ። «እኔ አላየሁም።»

ልጄ እያላበው የእኔን በኩል አጥብቆ ጨረሰና ቀና አለ። ከነጠላው ሥር ድምፅ መጣ፦

«የእኔን በኩልስ?»

አራቱንም አጠበቀ። ከዚያ እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ እያለ ነዳ፤ ጋሪ ሳይቀር ቀደመን። ሐሙሲትን አልፈን ወንዛዬ ስንደርስ ውድድሩ የሚጀመርበት ሰዓት አልፎ ነበር። ልጄ ባሕር ዳርን ትቶ እትዬን ደግፎ ወደ ውኃው ወሰዳቸው። እኔ ጫማዬን አውልቄ መሬት ላይ ቆምኩ። ሦስታችንም ደርሰናል፣ ማንም አልተነካም። ደኅና ነኝ።