እንጥል ቆራጯ እትዬ ሙሀባ

በእኛ ቀበሌ ጉሮሮውን እትዬ ሙሀባ ያላዩት ሰው ካለ ከሌላ አገር የመጣ ነው። የኔንም እንጥል የቆረጡት እሳቸው ናቸው። ልጅ ሲያስለው፣ መዋጥ ሲያቅተው «እንጥሉ ወርዷል» ይባልና ወደሳቸው ይወሰዳል። ቢስሚላህ ብለው በአዲስ ምላጭ አንዴ ነው። አብዛኛው ልጅ ይድናል። ሳይቆረጥም ይድን እንደነበር ያሰበ የለም፤ ምስጋናውን ምላጩ ይወስዳል። እሳቸው ዋጋ አይጠይቁም፤ ማሾ ወይም ሽንኩርት ይዞ የመጣውን ይመርቃሉ። ደግ ሴት ናቸው።

በታኅሣሥ ጉንፋን መንደሩን አዳረሰ። የልጃቸው የፈሪሃ ልጅ፣ ትንሿ ዓሊያም ታማ ተነሣች፤ ደጅ ወጥታ ዶሮ አባረረች። አልሐምዱሊላህ አልን። ከዚያ ትኩሳቱ ብሶ ተመለሰ። ሳሏ ሻከረ፣ አየር ስትስብ ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ጀመር።

ፈሪሃ «ሸዋ ሮቢት ሐኪም ጋ እንውሰዳት» አለች።

«ለእንጥል ሐኪም ምን ያደርጋል?» አሉ እናቷ። ንቀት አልነበረም፤ ከዓሊያ አብልጠው የሚወዱት ሰው አልነበራቸውም። ቆረጧት። ቁስሉ እስኪጠግ ነፋስ አይንካት ብለው ቤት አዋሏት፣ አሳደሯት። ባጃጅ የተጠራው ከንፈሯ ሲጠቁር ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለን ነበር። «እንጥሏ ደህና ነበር» አለ። «ጉንፋኑ የአየር ቧንቧዋን አቁስሎት ሌላ ተሕዋስ ገብቶበታል። አሁን መግል ሞልቶታል።» ቱቦ አስገቡላት፣ መድኃኒት ጀመሩላት፤ ግን ዘግይተናል። በማግስቱ ቀበርናት።

ፈሪሃ እናቷን አልወቀሰችም። ብቻ አታናግራቸውም።

ሐዘኑ ሳይወጣ ጎረቤታችን ሰሊማ ልጇን ታቅፋ መጣች። ያው ሳል፣ ያው ትኩሳት።

«እንጥል አይደለም፤ ሐኪም ጋ ሂጂ» አሏት እትዬ ሙሀባ። «ዓሊያን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

«አስተግፊሩላህ፣ እንዲህ አይበሉ» አለች ሰሊማ። «ዓሊያን የወሰደ አላህ ነው። የኔን ልጆች ያዳኑልኝ ግን አንቱ ነዎት።»

እትዬ ሙሀባ እግሯ ላይ ወደቁ። ልጃቸው የምትሆን ሴት እግር ላይ። ሰሊማ አፍራ አነሣቻቸው። ለኔ «ሐዘን ጎድቷቸዋል» አለችኝና ባጃጅ ውስጥ ገባች።

ባጃጁ ወደ ሸዋ ሮቢት አልዞረም። ወደ ታችኛው መንደር ታጠፈ። እዚያ ሌላ ቆራጭ አለች፤ ያስተማሯት ራሳቸው እትዬ ሙሀባ ናቸው።